የራቢዓ ማራዘሚያ

«ማራዘሚያውን እንዳትረሳ። ራቢዓ ፍራሽ ስር ነው የምታስቀምጠው፤ ገበያ ስትወጣ አንሳውና ሻንጣህ ውስጥ ክተተው።»

ራቢዓ ይህን የሰማችው ሁለት ባዶ ጀሪካን በእጇ እንደያዘች ነው። ውሃ የሚሸጠው ባለአህያ በዚያ ጠዋት ስላልመጣ ከመንገድ ተመልሳ ነበር፤ ቤት ያሉት ግን ገና ወረፋ ላይ የቆመች መስሏቸዋል። አማቷ እማ ሉባባ ጆሯቸው ስለከበደ ስልክ የሚያነጋግሩት ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀው ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ያለው የልጃቸው የነጅመዲን ድምፅ ከመካከለኛው ክፍል ወጥቶ፣ ስሱን የጣውላ ግድግዳ አልፎ እስከ ግቢው በር ይሰማል። ነጅመዲን የራቢዓ ባል ነው። ከሄደ ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። አሁን የሚያነጋግረው ታናሽ ወንድሙን አብዲን ነበር። አብዲ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ናይሮቢ ወርዶ፣ ዕቃ ገዝቶ በሳምንቱ ይመለሳል፤ ለራቢዓ የተነገራት እንዲህ ነው። ስልኩ ግን ሌላ ይናገር ነበር፤ ናይሮቢ ላይ ማን እንደሚቀበለው፣ ታንዛኒያን በየት በኩል እንደሚያቋርጥ፣ ደቡብ አፍሪካ በነጅመዲን ሱቅ ውስጥ የሚተኛበት አልጋ ተገዝቶ እንደሚጠብቀው። በመጨረሻ ነጅመዲን «ለራቢዓ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ» አለ። እማ ሉባባም «አዎ፣ ቀስ ብለህ ንገራት» አሉ።

ጀሪካኖቹን ድምፅ ሳታሰማ መሬት አስቀመጠቻቸው። በየረመዳኑ «የሚመጣው ዓመት አስመጣሻለሁ» ሲላት ቆይቷል፤ አንዴ ፓስፖርቱ፣ አንዴ የመንገዱ አደጋ፣ አንዴ የሱቁ መዘረፍ ምክንያት እየሆነ ዓመቱ ያልፋል። እሷም ታምነው ነበር፤ ከሁሉም የሚያበሳጫት አሁን ይህ ሆነ። ወንድሙን አስጠራ። ማራዘሚያውንም አስጠራ። እሷን ግን ቀስ ተብሎ ይነገራታል። በጓሮ ዞራ ወደ ክፍሏ ገባች፣ ፍራሹን አነሳች፣ ማራዘሚያ የሚሉትን ቱቦ አወጣችና በአባያዋ እጅጌ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ በፊት ለፊቱ በር እንደ አዲስ ገብታ «ባለአህያው አልመጣም፤ እኔ ገበያ ሄድኩ» አለች። እማ ሉባባ ስልኩን ትራስ ስር ከተው ነበር። «ሻይ ሳትጠጪ?» አሏት። «አላሰኘኝም» አለች። አብዲ ጫማውን እያየ ነበር፤ አዲስ ጫማ ነው፣ ናይሮቢ ለአንድ ሳምንት ለሚሄድ ሰው የሚገዛ ዓይነት አይደለም፣ ወፍራም ሶል ያለው።

ዕቃው በሩቁ ሲያዩት ምንም አይደለም። ክንድ የማይሞላ ጥቁር ቱቦ ነው፤ ከቀላል ብረት የተሠራ፣ በአንዱ ጫፍ በኩል ውስጡ ለስላሳ ጎማ ያለው። የፑል መጫወቻው ስቲክ አልደርስ ሲል በወፍራሙ ጫፍ ላይ ያጠልቁትና ቀለበቱን ዞር አድርገው ያጠብቁታል፤ ስቲኩ ያን ያህል ይረዝምና ሩቅ የቆመችውን ነጭ ኳስ ጠረጴዛው ላይ ሳይንጠራሩ መምታት ይቻላል። የከተማው ተጫዋቾች ኤክስቴንሽን ይሉታል፤ ነጅመዲን ነው ማራዘሚያ የሚለው። ያስመጣው ከናይሮቢ ነበር፣ ያኔ ትንሽ ፍየል በሚገዛ ዋጋ። ለራሱ ግን አልነበረም። ነጅመዲን በር ሲገባ አንገቱን የሚሰብር ሰው ነው፤ እጁን ሲዘረጋ ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር የሱ ነው። ያስመጣው ለራቢዓ ነው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት የጋሽ ደምለውን ፑል ቤት እሱ ይጠብቅ ነበር። ጋሽ ደምለው እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቁልፉን ለሱ ይተዉለታል፤ ቤቱ እስከ ቀትር አይከፈትም። ራቢዓ በጓሮ በር ትገባለች፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ እሱ ያስተምራታል። አጭር በመሆኗ አልደርስ ይላታል። ያ ብቻም አይደለም፤ ማንም በማያያት ክፍል ውስጥ እንኳ ጠረጴዛው ላይ በደረቷ ተኝታ መምታት አቃታት፤ ሳቋ እየመጣ ስቲኩን ትጥለዋለች። አንድ እሁድ «እንግዲያው አትጎንበሺ፣ ቆመሽ ምቺ» አላት፤ በሁለተኛው ሳምንት ቱቦውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብላ ቆማ፣ አገጯን አንስታ ትመታ ነበር። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ እያያት ይስቃል። ሳቁ መጀመሪያ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል፣ ኋላ ነው የሚሰማው። ስልክ ላይ ያ ሳቅ አይታይም። ስድስት ዓመት ሙሉ የናፈቃት ደግሞ ያ ድምፅ የሌለው የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

ወደ ገበያው የሚያወርደውን መንገድ ስትይዝ ሌላው ጥያቄ መጣባት። ነጅመዲን ዛሬም ረጅም ነው፤ ሰው በስድስት ዓመት አያጥርም። ታዲያ ማራዘሚያው ለማን ነው? መልሱ ሳትፈልገው መጣ። አጭር የሆነች፣ ጠረጴዛው ላይ መተኛት የማታውቅ፣ ስቲክ እየጣለች የምትስቅ አንዲት ሴት። ራቢዓ ፊቷን እንኳ አየችው። ቱቦው እጅጌዋ ውስጥ ክንዷን እየነካ ሲቀዘቅዛት፣ ይህን ዕቃ ለዚያች ሴት ጠብቄ አቆየሁላት ማለት ነው ብላ አሰበች፤ በየጠዋቱ ፍራሽ ሳነጥፍ በጨርቅ እየጠረግኩ።

የገበያው በር ላይ ጄምስ የሚባለው ጠባቂ የብረት መፈተሻውን በሴቶቹ ቦርሳ ላይ እያሳለፈ ነበር። ከኬንያ መሀል አገር የመጣ፣ በድንበር ከተማዋ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ሦስት ዓመት የቆየ፣ አማርኛ «እሺ» እና «ነገ» ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ራቢዓን በየቀኑ ያያታል፤ ዛሬ ግን መፈተሻው ክንዷ አጠገብ ሲደርስ ጮኸ። ከኋላዋ የግመል ወተት ይዘው ከቡቲዬ የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል። ጄምስ በስዋሂሊ «ማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» አላት። ቱቦውን አወጣችው። የጠመንጃ አፈሙዝ የመሰላቸው ሴቶች ወደኋላ አሉ። ራቢዓ ስሙን በስዋሂሊ አታውቀውም፤ «የፑል ነው» አለችና የጄምስን ዱላ ተቀብላ፣ ወፍራሙን ጫፍ ቱቦው ውስጥ አስገብታ ቀለበቱን አዞረችው። ዱላው ረዝሞ እሱን አክሎ ተነሳ። ጄምስ አየር ላይ አንዴ አወናጨፈው፣ የወተት ሴቶቹ ሳቁ። «የማን ነው? የባልሽ?» አላት። «የኔ ነው» አለች። «አንቺ ትጫወቻለሽ?» ይህን ጥያቄ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ መጫወቷን የሚያውቁት እሷና ነጅመዲን ብቻ ናቸውና። «አዎ፣ እጫወታለሁ» አለች፤ ጮክ ብላ ስለተናገረችው ራሷ ደነገጠች።

ሱቋ ሁለት ሜትር በሁለት የሆነ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ቴርሞስ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ የፕላስቲክ ሳፋ፣ የፀሎት ምንጣፍ ትሸጣለች። አስፋልቱ ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ከተዘረጋ ወዲህ ዕቃው በየቀኑ ስለሚገባ ደንበኛው ዋጋ ማወዳደር ለምዷል። ከኦዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ለአንድ ሳፋ ሩብ ሰዓት ተከራከሯት፤ መቶ ሰማንያ ሺሊንግ ብላ በመቶ ስልሳ ሰጠቻቸው፣ ሲመርቋት እንኳ አልሰማችም። ቱቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሻሽ ሸፍናዋለች። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን አብዲ መጣ። ከበሩ ቆመ፣ አንድ ቴርሞስ አነሳ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተው፣ መልሶ ዘጋው።

«ይሄ ስንት ነው?»

«ዋጋውን አጥተኸው ነው?»

«ጨምሮ እንደሆነ ብዬ።»

«ስድስት መቶ ሃምሳ ገብቷል።»

«ተወዷል» አለና አስቀመጠው። ዓይኑ መደርደሪያዎቹ ስር ይዞራል፣ ሳፋዎቹ መሀል ይገባል። ፍራሹን አንስቶ ባዶ እንዳገኘው ገባት። ነጅመዲን ሲሄድ ይህ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የትምህርት ቤት ሸሚዙን ያጠበችለት፣ ወባ ሲይዘው ሦስት ቀን አጠገቡ የተቀመጠችው እሷ ናት። አሁን ጢም አብቅሏል፤ ግን ጥፋት ያለበት ሲሆን ዛሬም እንደ ልጅነቱ የታችኛውን ከንፈሩን ይነክሳል። ብትጠይቀው ሁሉንም እንደሚዘረግፍላት ታውቃለች። አልጠየቀችውም። እሱም ማራዘሚያው የት ነው ለማለት አልቻለም፤ ቢጠይቅ ለምን እንደፈለገው ሊናገር ነው። ጎረቤቷ ሬዲዮ ከፍታ ስለ ከብት ዋጋ በኦሮምኛ ይነገር ነበር፤ አብዲ በጥሞና የሚያዳምጥ መሰለ።

«ከናይሮቢ ምን ላምጣልሽ?» አላት በመጨረሻ።

«ራስህን አምጣ።»

ከንፈሩን ነከሰ። «ዘጠኝ ሰዓት ነው የምሄደው» አለ፤ «ትመጫለሽ አይደል? መናኸሪያ።» «እመጣለሁ» አለች። ጥቂት እንደሄደ ዞሮ አያት፣ ከዚያ በሰዉ መሀል ጠፋ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሱቋን ዘጋች። ልትመልሰው ወስና ነበር። ዕቃው የሚፈለግ ከሆነ ይሂድ፤ ፍራሽ ስር ዳግመኛ ልታየው አትፈልግም። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ጨዋታ መጫወት አማራት። አምሮቱ እንደ እርጉዝ ሴት አምሮት ያለ ምክንያት የመጣ ነው፤ እግሯ ወደ ቤት መታጠፍ ሲገባው ወደ ጋሽ ደምለው ፑል ቤት ወሰዳት። ጋሽ ደምለው በ1983 መንግሥት ሲወድቅ የወታደር ልብሳቸውን እንደለበሱ ድንበር የተሻገሩ ሰው ናቸው። የስደተኛ ጣቢያውን አልፈው፣ ጎማ ጠግነው፣ ወጥ ቤት ሠርተው፣ በመጨረሻ አንድ አሮጌ የፑል ጠረጴዛ ገዝተው እዚሁ ቀሩ። አሁን ስልሳ አልፏቸዋል። ወገባቸው ላይ ዘወትር ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ያስራሉ። ቤታቸው ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ነው፤ ሰዉ ምሳ በልቶ ጫቱን እስኪይዝ ድረስ። በሩ ላይ አጎዛ በለበሰ በርጩማ ተቀምጠው የተቀደደ የስቲክ ሽፋን ይሰፉ ነበር፤ ራቢዓን ሲያዩ መርፌያቸው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ራቢዓ! ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«ሰላም ነው ጋሼ። አንድ ጨዋታ ልጫወት ብዬ ነው።»

ጋሽ ደምለው አላፌዙባትም፣ ለምንም አላሉም። ተነስተው መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ፣ የፊት ለፊቱን በር ገርበብ አደረጉ፣ ኳሶቹን በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ሰብስበው አስተካከሉላት። «እሁድ እሁድ ጠመኔው ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ የማላውቅ ይመስልሽ ነበር?» አሉ ብቻ። ክፍሉ እንደድሮው ነው። አረንጓዴው ጨርቅ ሁለት ቦታ መጣፊያ አለው፣ በጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳ የገባች ፀሐይ መሀል ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳንቲም የምታህል ብርሃን ጥላለች፣ ጨዋታው ከአሥር ሺሊንግ ሃያ መግባቱ በግድግዳው ላይ በከሰል ተጽፏል። ራቢዓ አጭሩን ስቲክ መረጠች፣ ማራዘሚያውን አጠለቀች፣ ቀለበቱን አዞረች። ቱቦው ሲጠብቅ የሚያሰማውን ትንሽ ጩኸት ረስታው ነበር። ቀጥ ብላ ቆማ መታች። ኳሶቹ ተበተኑ፤ አንድም አልገባም። ሁለተኛውን ሳተች። ሦስተኛው ላይ ቀይዋ ኳስ ዳሩን ታክካ ሄዳ ጥግ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ወደቀች፤ ራቢዓም ሳታስበው ዞራ ወደ ግድግዳው አየች፣ ድሮ እሱ ተደግፎ ወደሚቆምበት። እዚያ የተንጠለጠለ ጃንጥላ ብቻ ነበር።

ጋሽ ደምለው በተራቸው ሊጫወቱ ስቲክ አነሱ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለረጅም ሰው ምን ያደርግለታል?» አለች።

«ለረጅም ሰው? ምንም። ማነው የፈለገው?»

«ነጅሙ። አብዲ ይዞለት እንዲሄድ አዟል። እዚያው ሊገባ ነው አብዲ፤ ደብቀውኛል።» ጠመኔውን አንስታ የስቲኩን ጫፍ ማሸት ጀመረች። «አጭር ሴት አግኝቷል፣ ጋሼ። ሌላ ምን ይሆናል?»

ጋሽ ደምለው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ዞረው ከጠረጴዛው ማዶ ሊመቱ ፈለጉ፣ ኳሷ ራቀቻቸው፣ ወገባቸውን ያዝ አድርገው ቆሙ። «እስቲ አምጪው» አሉ። ማራዘሚያውን በራሳቸው ስቲክ ላይ አጠለቁና እንደሷ ቀጥ ብለው ቆመው መቱ። ኳሷ ገባች። ከዚያ ስቲኩን በእጃቸው እንደያዙ ወደሷ ዞሩ።

«ያላየሁትን አልምልም፤ ሴትም ይሆናል» አሉ። «ግን እኔም ረጅም ነበርኩ፣ ራቢዓ። ወገቤ ከሄደ ወዲህ ነው ይሄ የሚያስፈልገኝ። ረጅም ሰው ማራዘሚያ የሚፈልገው ማጎንበስ ሲያቅተው ነው። ቀጥታ ጠይቂው። ስልክ የለሽም እንዴ?» ይህን ብለው በርጩማቸውን አንስተው ወደ ውጭ ወጡ።

እሷ ደውላለት አታውቅም ማለት ይቻላል፤ የሚደውለው እሱ ነው፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ እማ ሉባባ ባሉበት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ስልኩ ሁለት ጊዜ እንደጠራ አነሳው።

«ምን ሆናችሁ? እማ ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው። ጋሽ ደምለው ቤት ነኝ።»

«የት?»

«ፑል ቤት። እየተጫወትኩ ነው።»

ከወዲያ ማዶ የመኪና ጥሩንባ፣ የሚያወራ ሰው፣ የሳንቲም ድምፅ ይሰማል። ራቢዓ ስለ ሌላይቱ ሴት ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ አፏ ላይ ነበር፤ ሲወጣ ግን ሌላ ሆኖ ወጣ። «ነጅሙ፣ ወገብህን ምን ሆነህ ነው?»

መስመሩ የተቆረጠ መስሏት ስልኩን አየችው፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። «ማን ነገረሽ?» አለ በመጨረሻ።

«ማንም።»

«ሱቁን ሲዘርፉ» አለ፤ ከዚያ ቀስ እያለ፣ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ ነገራት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ማቀዝቀዣውን ገለበጡበት፣ ከሥሩ ያወጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። አምስት ወር ተኛ። አሁን ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ገንዘብ ይቀበላል፤ ማጎንበስ ግን አይችልም። ከታችኛው መደርደሪያ ዕቃ የሚያነሳለት ሰው ቀጥሯል፣ ጫማውንም የሚያስርለት እሱ ነው። ሐኪሙ ከዚህ በላይ አይሻልህም ብሎታል። «እሁድ እሁድ እዚህ ጎረቤት ፑል ይጫወታሉ። ሄጄ አያለሁ። አንድ ቀን ስቲክ ሰጡኝ፤ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም፣ ሳቁብኝ። ያን ዕለት አንቺ ትዝ አልሽኝ። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ነበር የምትመቺው። እንዳንቺ ልጫወት ብዬ ነው።»

ራቢዓ ጠረጴዛው ዳር ላይ ተቀመጠች፤ ይህን ጋሽ ደምለው ለማንም አይፈቅዱም።

«እማ ያውቃሉ?»

«ታውቃለች። አትንገሪያት ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ሁለት ዓመት?»

«ምን ልልሽ ነው? ነይና ጫማዬን እሰሪልኝ ልበልሽ?»

«አዎ» አለች። «እሱን ብትለኝ እመጣ ነበር።»

ትንፋሹ ይሰማታል። ከዚያ «ነጯ የት ናት?» አላት። መጀመሪያ አልገባትም። «ኳሷ። አሁን የት ቆማለች?» ራቢዓ ተነስታ ጠረጴዛውን አየች። ነጯ በበሩ በኩል ዳሩ ላይ ተጣብቃለች፣ ጥቁሯ መሀል ናት፣ የጥጉ ቀዳዳ ክፍት ነው ብላ ነገረችው። «በስሱ ምቺ። ጥቁሯን በግራ ጎኗ ነክተሽ ልቀቂያት» አላት። ስልኩን ድምፁን ለቃ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው፣ ቆመች፣ መታች። ኳስ ከኳስ ሲጋጭ በክፍሉ ውስጥ ቀጭ አለ። «ገባች?» አለ ስልኩ። «አልገባችም፤ በጣት ስፋት ሳትኳት።» «ቀኝ ትከሻሽን አነሳሽ። ድሮም ታነሺ ነበር።» ራቢዓ ሳቀች። እሱ ሲስቅ ግን ወዲያው አልሰማችም፤ መጀመሪያ ፀጥታ ነበር፣ ከዚያ መጣ። ትከሻው በዚያ ፀጥታ ውስጥ እንደተነቃነቀ አወቀች።

«አብዲ ሱቁን ይለምደዋል አይደል?» አለችው። «በስንት ጊዜ?»

«ብልህ ነው። በሦስት ወር፣ በአራት ወር።»

«ከዚያ አንተ ና።»

«በምን ዓይነት ፊት፣ ራቢ? ሰው ከዚህ ሲመለስ መኪና ይዞ ነው። እኔ ግንድ ሆኜ…»

«እኔ መኪና አልጠየቅኩህም።»

«እስቲ አብዲ ይድረስ» አለ። «መጀመሪያ አብዲ ይድረስ።» ሌላ ነገር ሊናገር ጀምሮ ነበር፤ ኔትወርኩ ድምፁን ቆራረጠውና ጠፋ። መልሳ ብትደውል አልሠራም። ስልኩን ይዛ፣ ሊላት የፈለገው ምን እንደነበረ እያሰበች ቆየች፤ ጋሽ ደምለው በሩን ቀስ አድርገው ሲያንኳኩ ነው ሰዓቱ ትዝ ያላት። ኳሶቹን በየቀዳዳው ሰበሰበች። የጨዋታውን ሃያ ሺሊንግ ስታወጣ ጋሽ ደምለው እጇን መልሰው ዘጉት፤ «እሁድ ቤቱ ዝግ ነው፤ እኔ እስከ ቀትር አልኖርም። ቁልፉ ከፈለግሽ ይገኛል» አሏት።

መናኸሪያው በአቧራና በጥሩንባ ተሞልቷል። እማ ሉባባ የአብዲ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው፣ ለመንገድ ያሰሩለትን ሳምቡሳ ጭናቸው ላይ ይዘው ነበር። አብዲ ራቢዓን ሲያይ ቆመ። ከአዲሱ ጫማው አንዱ ገመድ ተፈትቷል፣ ከሐሳቡ ብዛት አላየውም። ራቢዓ ከፊቱ ቁጭ አለችና አሰረችለት፤ በደንብ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ። «እህቴ፣ ተዪው፣ እኔ…» አለ። «ወንድምህንም እንዲህ እሰርለት» አለችው ሳትነሳ። «ጠበቅ አድርገህ። ሱቁን ቶሎ ልመድ፣ ከዚያ እሱን ላክልን። ገባህ?» አብዲ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ሰው በተሞላው መናኸሪያ መሀል አንገቷን አቅፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ረዳቱ እየጮኸ ሻንጣውን ከእማ ሉባባ ሥር ሳበው።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እማ ሉባባ የራቢዓን እጆች ተመለከቱ። በግራዋ ቱቦውን ይዛዋለች፤ አሁን በእጅጌዋ አልደበቀችውም።

«አልሰጠሽውም?» አሉ።

«አልሰጠሁትም።»

«ልጄ፣ እሱ እኮ…»

«አውቄያለሁ፣ እማ። ነግሮኛል።» አፏን ወደ ጆሯቸው አስጠጋች። «እዚህ ነው የሚያስፈልገው።»

እማ ሉባባ አውቶቡሱ በኬላው አልፎ ቁልቁል እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው ዳገቱን ጀመሩ፣ ራቢዓ አጠገባቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ድስት፣ በአንድ የጣውላ ግድግዳ ተለያይተው ሲኖሩ፣ አሮጊቷ በየዓርቡ ስልክ ሲያልቅ ለምን ቶሎ ወደ ክፍላቸው እንደሚገቡ አሁን ገባት። ከመስጊዱ ጥግ ሲደርሱ እማ ሉባባ ለማረፍ ቆሙ። «ትሄዳለች ብዬ ነው» አሉ፤ ራቢዓን ሳያዩ፣ መንገዱን እያዩ። «ወጣት ነሽ። ልጅ አልወለዳችሁም። ማን ይይዝሻል? ብትሰማ ጓዟን ትጠቀልላለች፣ እኔም ብቻዬን እቀራለሁ አልኩ። ክፉ ነኝ።»

«ክፉ አይደሉም» አለች ራቢዓ። «ግን ይንገሩኝ። የተደወለ ቀን እንዴት ነበር?»

አሮጊቷ ክንዷን ያዙ። ክብደታቸውን ሙሉ ሲጥሉባት ይህ የመጀመሪያው ነው። «ማክሰኞ ነበር» ብለው ጀመሩ፤ «አንቺ ገበያ ነበርሽ። ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ፣ ድምፁ የማላውቀው ሰው ነበር…» ራቢዓ እርምጃዋን ወደ እሳቸው እርምጃ ቀነሰች፤ አንድም ቃል እንዳያመልጣት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዳገቱን አብራቸው ወጣች።